የቸኮሌት ብስኩት ከቆጋ ስንዴ

ባሕር ዳር፦ የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ የተገነባ ነው፤ በመራዊ ዙሪያ ያሉ አርሶ አደሮችም በበጋ ስንዴ ያመርቱበታል። ከዚያው ስንዴ ጥቂቱን በቤት ውስጥ ብስኩት አድርጎ ለልጆች መክሰስ ማቅረብ ይቻላል።

2 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ቁንጥር ጨው በደረቁ ይደባለቃሉ። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ ዘይትና አንድ እንቁላል ይጨመራሉ። በጾም በእንቁላሉ ፋንታ 3 ወይም 4 የሾርባ ማንኪያ ውኃ ይበቃል። የወፍጮ ቤት ዱቄትም ተነፍቶ ያገለግላል፤ ሸካራ ይኾናል እንጂ ጣዕሙ አይከፋም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሊጡን እንደ ዳቦ በማሸት ነው። ስንዴ ረጥቦ ሲታሽ ግሉተን የተባለው ፕሮቲን እንደ ላስቲክ ይሳሳባል። ይህ ዳቦን ኩፍ እንዲል ይረዳዋል፤ ብስኩትን ግን ያጠነክረዋል። ስለዚህ ሊጡ እንደተያያዘ ማሸቱን መተው፣ በስሱ ጠፍጥፎ መቁረጥ ነው።

ኦቨን ያለው በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይጋግረዋል። የሌለው በወፍራም ብረት ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ አንጥፎ፣ ትሪውን አሳርፎ፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ያደርጋል፤ ጊዜው ግን ይረዝማል። ሊጡ ቀድሞውንም ቡናማ በመኾኑ ማረሩን በዓይን መለየት ያስቸግራል። ጠርዙ ጠንከር ሲል ይውጣ፤ መሐሉ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።

ወጪውን የሚያከብደው ካካዎው ነው። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚኾነው ከአይቮሪ ኮስትና ከጋና ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ምርቱ በመቀነሱ የአንድ ቶን ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር አልፎ ነበር። ለአዋቂዎች ሲጋገር ካካዎውን በግማሽ ቀንሶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በደቃቁ የተፈጨ ቡና ቢጨመርበት የቸኮሌቱን ጣዕም ያጎላዋል።