ያለ እህል ዱቄት የተጋገረ ኬክ እንዴት ይቆማል?

ከሩቅ የመጣን ቤተ ዘመድ በጣፋጭ መቀበል የቆየ ወግ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የሲሊያክ ሕመም ካለበት ግን በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ትንሹን አንጀቱን ይጎዳዋል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ከእህል ጨርሶ ለሚርቅ እንግዳ ግን የአልሞንድ ዱቄት ሌላ አማራጭ ነው።

የስንዴ ዱቄት በውኃ ሲለወስ ግሉተኑ የሚለጠጥ መረብ ይሠራል፤ መረቡም ጋዙን አፍኖ ሊጡን ይነፋዋል። አልሞንድ ይህ መረብ የለውም፤ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉም ስብ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚረከበው ዕንቁላል ነው። ሲመታ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ፕሮቲኑ እየረጋ አየሩን እንደያዘ ይጠነክራል። በአልሞንድ፣ በዕንቁላልና በስኳር የሚጋገረው የስፔኑ የሳንቲያጎ ኬክ ለዚህ ምስክር ነው።

የኮኮናት ዱቄት ፈሳሽን በብዛት ስለሚመጥ በአልሞንድ ፋንታ በእኩል መጠን ቢገባ ኬኩ ይደርቃል። የአልሞንድ ኬክም በትኩሱ ከተቆረጠ ይፈረካከሳል፤ በረድ እስኪል መታገሥ ያሻል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ንክኪው ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት «ከግሉተን ነፃ» የተባለ ምግብ በኪሎ ግራም ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ስንዴ የተነፋበት ወንፊት ይህን ልክ በቀላሉ ሊያሳልፍ ይችላል። የስኳር ሕመም ላለበት እንግዳም «እህል የሌለው» ማለት «ስኳር የሌለው» ማለት አይደለም፤ ማርም ቢሆን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። አልሞንድ አለርጂ የሚሆንበት ሰው መኖሩንም ከመጋገር በፊት መጠየቅ ይገባል።