ልብ እየመታ «ሞቷል» ሲባል

«አርባውን ከማክሰኞ ልቁጠር ወይስ ከዓርብ፣ ልጄ?»

ይህን የጠየቁኝ ላፍቶ አካባቢ በምሠራበት ጤና ጣቢያ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የመጡ እናት ናቸው። ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ባለቤታቸው በደም ግፊት ምክንያት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝተው ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ «አንጎላቸው ሞቷል» አላቸው። ገብተው ሲያዩ ግን የባለቤታቸው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፣ እጃቸው ይሞቃል፣ ስክሪኑ ላይ የልብ ምት ይታያል። ልባቸው የቆመው ዓርብ ሌሊት ነው።

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ነጋሪው ይመረጣል፣ ማለዳ ይኬዳል፣ ቤተሰቡ በሰው ተከቦ ይሰማል። እኛ ሐኪሞች ይህን ሁሉ በሁለት ደቂቃ የምንጨርሰው ጊዜ አጥሮን ብቻ አይደለም። ልቡ የሚመታን ሰው «ሞቷል» ማለት ለተናጋሪውም ስለሚከብድ ጭምር ነው።

ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። የምቱ መነሻ እዚያው ልብ ውስጥ ስላለ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ መምታቱን ሊቀጥል ይችላል። ትንፋሽ ግን የሚታዘዘው ከአንጎል ግንድ ነው። ቀድሞ አንጎል ሲሞት ትንፋሽ ይቆማል፣ ልብም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል፤ «ሞት የቱ ጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ላይ የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲከሰት የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ በእጅ አየር በመስጠት መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን አተረፉ። ቀጥሎ ማሽኑ ተስፋፋ። በማሽኑ ብዙዎች ዳኑ፤ አንጎላቸው ፈጽሞ ሞቶ ልባቸው ብቻ የሚመታ ሰዎችም ታዩ። ፈረንሳውያን ሐኪሞች ይህን ሁኔታ በ1959 ገለጹት፤ በ1968 ደግሞ የሃርቫርድ ኮሚቴ መለያ መስፈርት አወጣ።

ያ ኮሚቴ ለምን አዲስ መስፈርት እንዳስፈለገ ሲያስረዳ የቤተሰብንና የሆስፒታልን ጫና፣ ከዚያም የአካል ንቅለ ተከላን ጉዳይ ጠቅሷል። ጥርጣሬው የመጣው ከዚህ ነው፤ «አልጋውን ፈልገውት ነው»፣ «ኩላሊቱን ፈልገውት ነው» የሚለው። ጥርጣሬውን ንቄ አላልፈውም። በእኔ እምነት አንጎሉ በሙሉ፣ ግንዱን ጨምሮ፣ የማይመለስ ጉዳት ደርሶበት ሥራውን ያቆመ ሰው ሞቷል። በዓለም ላይ ግን ሁሉም አንድ ቃል አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ሕግ በሃይማኖቱ ምክንያት የአንጎል ሞትን የማይቀበል ሰው ልቡ እስኪቆም ሞተ እንዳይባል ይፈቅዳል።

ወደ እኛ እንምጣ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመጀመሪያው አንቀጹ ሰው ከውልደቱ እስከ ሞቱ የመብት ባለቤት ነው ይላል። ውርስም የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። እንግዲህ ሰዓቷ ለሐኪምም፣ ለዳኛም፣ ለቤተሰብም ትርጉም አላት። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅም የሕይወት ማቆያ መሣሪያን ስለማቋረጥ ብዙ አነጋግሯል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚለገስ ኩላሊት ነው። የዓይን ብሌን ደግሞ የሚወሰደው ልብ ቆሞ፣ ሞት ከተረጋገጠ በኋላ ስለሆነ ቃል የገባችሁ ሰዎች በዚህ አትስጉ።

የአንጎል ሞትና ኮማ አንድ አይደሉም። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው በሕይወት አለ፤ ሊነቃም ይችላል። ዓይኑን እየገለጠ ለዓመታት ራሱን ሳያውቅ የሚኖር ሰውም በሕይወት አለ። የአንጎል ሞት የሚባለው የጉዳቱ ምክንያት ታውቆ፣ የማስተኛ መድኃኒት ከሰውነት መውጣቱ፣ የሰውነት ሙቀትና የደም ግፊት መስተካከሉ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ሲመረመር ነው። ለብርሃን የዓይን ብሌን አይጠብም፤ ብሌኑ ሲነካ አይርገበገብም፤ ጆሮ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባ ዓይን አይንቀሳቀስም፤ የአየር ቧንቧው ሲነካ አያስልም። በመጨረሻ ኦክስጅን እየተሰጠ ማሽኑ ለደቂቃዎች ይቆምና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ሰውየው በራሱ ለመተንፈስ ይሞክር እንደሆነ ይታያል። ለዚህ የደም ጋዝ ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት በግምት «ሞቷል» ማለት አይገባም።

አንድ ነገር ቤተሰብን በጣም ያስደነግጣል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ጣት ወይም እግር ሊንቀሳቀስ ይችላል። ይህ ከአከርካሪ ውስጥ ካለው ኅብለ ሰረሰር የሚመጣ እንጂ ከአንጎል አይደለም። ሐኪሙ አስቀድሞ ካልነገራችሁ ግን «ሕያው ሰው ሊገድሉብን ነው» ብትሉ አልፈርድባችሁም።

ስለዚህ ጠይቁ። ምርመራውን ማን፣ መቼ አደረገው? የመተንፈስ ፈተናው ተደርጓል? ሌላ ሐኪም ሊደግመው ይችላል? ምርመራው ሲደረግ አንድ የቤተሰብ አባል ቆሞ ማየት ይችል እንደሆነም ጠይቁ፤ አንዳንዱን ሰው ከማብራሪያ ይልቅ ያሳመነው ማየቱ ነው። ልጅ ከክፍለ ሀገር እስኪደርስ ጥቂት ሰዓት መለመንም ነውር አይደለም። ማስረጃው ላይ የትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚጻፍ ደግሞ እዚያው ጠይቁ።

እኚያ እናት ይህን የሚጠይቁት ሰው አላገኙም። ማክሰኞ ስለተደረገው ምርመራ የያዙት ወረቀት የለም፤ ማስረጃው የዓርብን ቀን ይዟል። «በሕክምናው፣ ምርመራው በትክክል ተሟልቶ ከነበረ፣ የሞቱት ማክሰኞ ነው፤ ስለ አርባው ግን የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ወር መጥተው ግፊታቸውን እየለካሁ ሳለ ነገሩኝ። ከዓርብ ነው የቆጠሩት። «ማክሰኞማ እጁን ይዤው ነበር» አሉኝ።