አዲሱ ጎተራ ሳይፈተሽ አሮጌው አይፈርስም፦ የመጠባበቂያ ሰርቨርን ወደ አዲስ ማሽን ስለ ማዛወር

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ከሚበላው ጋር አይቀላቅልም። በሌላ ጎታ ለብቻው ያኖረዋል፤ የሚበላው ቢያልቅ ወይም ነቀዝ ቢገባበት ቤተሰቡ ለሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው እንዳያጣ ነው። በኮምፒውተር ሥራም ይኸው ልማድ አለ። በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚጻፈው ሁሉ ሌላ ቅጂ ይወሰድለትና ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ቅጂ በየሌሊቱ እየተቀበለ የሚያኖረው ማሽን የመጠባበቂያ ሰርቨር ይባላል። ሰርቨር ማለት ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ሰፋ ያለ ተራ ኮምፒውተርም ይህን ሥራ መሥራት ይችላል።

ይህ ነገር የካምፕ ነዋሪን ምን ያገባዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባዋል። የልጆቻችን የየዓመቱ ውጤት፣ ለፈተና የሚመዘገቡት ተማሪዎች ዝርዝር፣ የአስተማሪዎች ማስታወሻ፣ የማኅበራት ቃለ ጉባኤና የአባላት መዝገብ ዛሬ በብዛት የሚያዘው በኮምፒውተር ነው። አንድ ቤተሰብ ወደ ሦስተኛ አገር ሲሄድ ወይም አንዲት ልጅ ለኮሌጅ ስታመለክት የምትጠየቀው የትምህርት ማስረጃ የሚወጣው ከዚያው መዝገብ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ስምንት ዓመት የተማረ ልጅ እንዳልተማረ ሊቆጠር ይችላል። በአገሩ የሚኖር ሰው ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ይጠይቃል፤ ስደተኛ ግን የኋላውን በር ተመልሶ የሚያንኳኳበት ዕድል ብዙ ጊዜ የለውም።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በዩኤንኤችሲአር የተያዘው የስደተኝነት ምዝገባና የጣት አሻራ በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር ኮምፒውተር ውስጥ የለም፤ የሚጠበቀው በድርጅቱ በራሱ ሥርዓት ነው። እዚህ የምንነጋገረው በአካባቢያችን ባሉ ትምህርት ቤቶችና ማኅበራት ስለሚገኙት ማሽኖች ነው።

ለምን ይቀየራል?

ሁለት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው የዕቃው እርጅና ነው። በእነዚህ ማሽኖች ውስጥ ያለው የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለው። ጽሑፉን የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ላይ ይንሳፈፋል። እንደ ካኩማ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበትና አቧራ በማይጠፋበት ቦታ ማራገቢያው ይታፈናል፣ ማሽኑም ይግላል። በዚህ ላይ መብራት በድንገት ይጠፋል። አራትና አምስት ዓመት ያገለገለ ዲስክ በማንኛውም ቀን ሊቆም ይችላል ብሎ መዘጋጀት ብልህነት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ይኸውም ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ማለት ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በየጊዜው ይገኛል፤ ሠሪውም እየተከታተለ ይደፍነዋል። የተወሰነ ዓመት ሲሞላ ግን መድፈኑን ያቆማል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ይህን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው፤ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛውን ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ማሽኑ ከዚያም በኋላ ይሠራል፤ ነገር ግን በሩ ሳይቆለፍ እንደሚያድር ቤት ይሆናል።

ይህ ተራ ማስፈራሪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጥቅቷል። የሰዉን ፋይል እየቆለፈ ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዕድሳት ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያላደሱት ወይም ዕድሳት የማያገኝ አሮጌ ሲስተም የያዙት ናቸው። እንዲህ ያለ ቫይረስ የመጠባበቂያውን ማሽንም ካገኘ ሁለቱንም ጎታ በአንድ ሌሊት ይዘጋል።

ጥፋት የሚደርሰው በማዛወር ጊዜ ነው

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። መጠባበቂያን ወደ አዲስ ማሽን ሲያዛውሩም የነበረውን መጣል ይመጣል፤ ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም።

ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ሠራተኛው በተሳሳተ ሰርቨር ላይ ትእዛዝ ሰጥቶ ወደ 300 ጊጋባይት የሚሆን መረጃ ጠፋበት። ከመጠባበቂያው ሊመልሱ ሲሄዱ ማስቀመጫው ባዶ ነበር። ምክንያቱ የመረጃ ቋቱ ወደ 9.6 እትም ሲያድግ ቅጂ የሚወስደው ፕሮግራም ግን በ9.2 እትም እየሠራ መገኘቱ ነው። ሁለቱ ስላልተጣጣሙ ቅጂው በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቀው የኢሜይል መልእክትም ለማንም ሳይደርስ ቀርቷል። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት በፊት ያነሳው ቅጂ ነው፤ በእነዚያ ስድስት ሰዓታት ውስጥ የተጻፈው ግን አልተመለሰም።

በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 መጠባበቂያ የሚወስደው ፕሮግራም በሥራ ላይ እያለ በመቀየሩ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች ተደምስሰዋል። ጠባቂው ራሱ አጥፊ ሆነ ማለት ነው።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነው። ተመልሶ ወጥቶ ያልተነበበ ቅጂ ቅጂ ነው አይባልም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት ለዚህ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

1ኛ) ያለውን መቁጠር። ከመንካት በፊት በአሮጌው ማሽን ስንት ፎልደር፣ ስንት ፋይል፣ በጠቅላላው ስንት ጊጋባይት እንዳለ በወረቀት ይመዘገባል። የይለፍ ቃሎችንም ማን እንደሚያውቃቸው ይጣራል። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና እርሱም የጉዞ ቀን ከደረሰው መዝገቡ ከእርሱ ጋር እንደሄደ ይቆጠራል።

2ኛ) አዲሱን ማሽን ማዘጋጀት። ሁለት ተመሳሳይ ዲስክ ቢኖረው፣ አንዱ የሌላው መስታወት ሆኖ ቢሠራ ጥሩ ነው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሆኖም ይህ ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም፤ ከአንዱ የተሰረዘ በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛልና። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በሚመለከት ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ ይስማማዋል። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራና በነጻ የሚገኝ ነው። 13ኛው እትም በኦገስት 2025 ወጥቷል፤ ለአምስት ዓመት ያህልም የደኅንነት ዕድሳት ያገኛል። የማሽኑ ሰዓትና ቀን አስቀድሞ ይስተካከል፤ ቀኑ ከተሳሳተ የትኛው ቅጂ አዲስ፣ የትኛው አሮጌ እንደሆነ አይለይም።

3ኛ) መቅዳት። በመጀመሪያ የሌሊቱ ሥራ እንዲቆም ይደረጋል። ሰዎች እየጻፉበት ያለ መዝገብ ሲቀዳ ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ይሆናልና። ጊዜውንም ማስላት ያስፈልጋል። 500 ጊጋባይት በአሮጌው የ100 ሜጋቢት መስመር ሲተላለፍ ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአንድ ጊጋቢት መስመር ግን ዲስኩ ከፈጠነ በአንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ያልቃል። ጀኔሬተሩ ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። አርሲንክ የተባለው የመቅጃ ፕሮግራም ለዚህ ይመረጣል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሙሉ የተቀዱትን እያለፈ በቀሩት ይቀጥላል።

አንዳንድ የመጠባበቂያ ፕሮግራሞች ቅጂውን ራሳቸው ብቻ በሚፈቱት መልክ ይጠቀልሉታል። እንዲህ ያለውን ጥቅል ወደ አዲሱ ማሽን ብቻ መውሰድ ቁልፉን ትቶ ሳጥኑን እንደ መሸከም ነው። በአሮጌው ማሽን ላይ መጀመሪያ ይፈታ፤ ከዚያ ይቀዳ።

4ኛ) አሻራ ማመሳከር። በራሽን መቀበያ ሰውን በጣት አሻራ እንደሚለዩት ሁሉ ለፋይልም አሻራ አለው። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያወጣለታል። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። የአሮጌውና የአዲሱ አሻራ አንድ ከሆነ ፋይሉ ሳይጎድል ደርሷል ማለት ነው።

5ኛ) መልሶ ማውጣት። ይህ ዋናው ፈተና ነው። የአንድ ተማሪ ስም በዕጣ ይወጣና ውጤቱ ከአዲሱ ሰርቨር ላይ፣ ፋይሉ ከዚያ በፊት ኖሮበት በማያውቅ ሦስተኛ ኮምፒውተር ላይ ይወርዳል። ይከፈታል፣ ይታተማል፣ ከወረቀቱ ካርድ ጋር ይተያያል። በየክፍሉ ቢያንስ አንድ ተማሪ እንዲህ ይፈተሽ። ፋታ ሲገኝ ብቻ የሚደረግ ሳይሆን በየወሩ የሚደገም ሥራ ይሁን።

6ኛ) ጎን ለጎን ማሠራት። አዲሱ ፈተናውን ቢያልፍም አሮጌው ወዲያው አይጠፋም። ቢያንስ ለአንድ ወር ሁለቱም በየሌሊቱ ቅጂ ይቀበሉ።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚደርስ ልዩ ችግር

ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ይጻፍ የነበረው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር። በዚያ ዘመን አሠራር የእኛ ፊደላት በላቲን ፊደላት ቦታ ይቀመጡ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ ወደሌለበት አዲስ ማሽን ሲዛወር ፋይሉ ሙሉ ሆኖ፣ አሻራውም ገጥሞ፣ ሲከፈት ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይገኛል። ያላወቀ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ፎንቶቹም አብረው ይቀዱ፤ ጽሑፎቹም ጊዜ ሲገኝ ወደ ዩኒኮድ ይቀየሩ።

አሮጌው ዲስክ የት ይሂድ?

ዲስኩ በውስጡ የሰዎች ስም፣ የትውልድ ቦታና የቤተሰብ ሁኔታ አለ። ስደተኛ ከምን እንደሸሸ የምናውቀው እኛው ነን። ፋይል መሰረዝ ወይም ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ብዙ ጊዜ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጠፋው፤ ዕውቀቱ ያለው ሰው ውስጡን መልሶ ማንበብ ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ከዳር እስከ ዳር በሌላ ነገር እንዲጻፍበት ይደረግ፤ የማይሠራ ከሆነም ሳህኑ ይሰበር። ደህና ከሆነ ግን ሌላም አገልግሎት አለው። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ቦታ ይሁን ይላል። በይለፍ ቃል ተቆልፎ በሌላ ግቢ የተቀመጠ ዲስክ ትምህርት ቤቱ ቢቃጠል ወይም በጎርፍ ቢወሰድ እንኳ ይተርፋል።

ነዋሪው ምን ያድርግ?

ማሽኑ የቱንም ያህል ቢታመን የልጅዎን የውጤት ካርድ ዋና ቅጂ አይጣሉ። ፎቶ አንሥተው በስልክዎ ያስቀምጡ፤ ለሚያምኑት ዘመድም ይላኩ። በየዓመቱ መጨረሻ ማኅተም ያለበት ቅጂ ይጠይቁ፤ የጉዞ ቀን እስኪደርስ አይጠብቁ። የስም አጻጻፍ ስሕተት ካዩ ዝውውሩ ሳይጀመር ያሳርሙ፤ ስሕተቱም ከመዝገቡ ጋር አብሮ ይቀዳልና። በወላጆች ስብሰባ ላይም ይህን አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ «መጠባበቂያው ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ ወጥቶ የታየው መቼ ነው?» ኃላፊው ቀኑን ከነገረዎ ሥራው በደህና እጅ ነው። ቀኑን ካላወቀው ፈተናው በዚያው ሳምንት እንዲደረግ ይጠይቁ።

ይህን ያነበባችሁ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ በቃል እንድታስረዱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።