የሕፃኑን ትንፋሽ ቍጠሩ

ልጅ ያሳደገ ቤተ ሰብ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የሕፃን ሕመም ትልቁ ችግር ሕመምተኛው የማይናገር መሆኑ ነው። ዐዋቂ ሰው ጎኑን ሲወጋው «ጎኔን ወጋኝ» ይላል፤ ሕፃን ግን የሚናገረው በልቅሶው ነው። ደዌው ሲጸናበት ደግሞ ለማልቀስ እንኳ ዐቅም ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትንፋሹ ነው። ቤተ ሰቡ «ዛሬስ ዝም አለልን፥ ተሻለው» ብሎ ሲደሰት፥ ሕፃኑ በዝምታ እየደከመ የሚሄድበት ሌሊት አለ። ስለዚህ የትንፋሽን ምልክት ለይቶ ማወቅ ለሐኪም ብቻ የተተወ ሳይሆን ለእናትና ለአባትም የሚገባ ዕውቀት ነው።

በትንፋሽ ከሚታወቁት የሕፃናት ደዌዎች ዋናው የሳንባ ምች ነው። ስሙ ራሱ ብዙ ሰው ያሳስታል። ምች ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ፀሐይ የመታውን ሰው ነውና፥ ወዲያው ዳማ ከሴ ቀጥፈን ጨምቀን ማሸትና ማጠጣት እንጀምራለን። የሳንባ ምች ግን ከፀሐይ የሚመጣ አይደለም፤ በተለምዶ እንደምንለውም ብርድ ብቻውን አያመጣውም። ደዌው የሚመጣው ባክቴሪያና ቫይረስ ከሚባሉት፥ በዐይን ከማይታዩ ተሐዋስያን ነው። በሳንባችን ውስጥ አየር የሚሞላባቸው እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ተሐዋስያኑ በእነዚህ ሲራቡ ከረጢቶቹ በአየር ፈንታ ፈሳሽና መግል ይሞላባቸዋል። በዚህ ጊዜ ኦክሲጅን ወደ ደም መተላለፍ ይሳነዋል፤ ሕፃኑም የጐደለበትን ለማሟላት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። እንግዲህ ትንፋሽን መቍጠር ስለ ሳንባው የሚነግረን ነገር ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

የደዌው ጉዳት እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ብቻ ከ5 ዓመት ዕድሜ በታች የሆኑ 740,000 ያህል ሕፃናት በሳንባ ምች ሞተዋል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዚሁ ዕድሜ ከሞቱት ሁሉ ከመቶ 14 እጅ መሆኑ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. የደረት ማዳመጫን ከፈለሰፈ ወዲህ፥ የሳንባ ሕመም የሚመረመረው ይበልጡን በማዳመጥ ነበር፤ ኋላም ራጅ ተጨመረ። ነገር ግን ራጅም የሠለጠነ ጆሮም በየገጠሩ አይገኝም። ስለዚህ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራራማ አገር ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ ፍራንክ ሻንና ባልደረቦቻቸው የሚያስሉ ሕፃናትን ሲመረምሩ ቈይተው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. አንድ ጠቃሚ ጽሑፍ አወጡ። ይኸውም ማዳመጫ ሳያስፈልግ፥ የትንፋሽን ብዛትና የደረትን መሰርጐድ በማየት ብቻ፥ መድኃኒት የሚያስፈልገውንና ሆስፒታል መግባት የሚገባውን ሕፃን መለየት እንደሚቻል የሚያስረዳ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን መንገድ ለሚያስሉ ሕፃናት መመርመሪያ አድርጎ ተቀበለው።

አቈጣጠሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፥ ጸጥ ባለበት ሰዓት ልብሱን ከደረቱና ከሆዱ ላይ ገለጥ አድርጉ። ሆዱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቍጠሩ፤ የሕፃን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ፈጠን፥ አንድ ጊዜ ዝግ ስለሚል፥ ሩብ ደቂቃ ቈጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው 50 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፥ ትንፋሹ ፈጣን ነው። ከ2 ወር በታች የሆነው 60 ከሞላ፥ ስሕተት እንዳይሆን ሁለተኛ ይቈጠርለት።

ቍጥሩ ከበዛ ሕፃኑ በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወባና አስም የመሳሰሉትም ትንፋሽን ያፋጥናሉና፥ የበሽታውን ስም መለየት የባለሙያው ድርሻ ነው፤ የወላጅ ድርሻ በጊዜ ማድረስ ነው። አየር ሲስብ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፥ ጡት መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፥ የበላውን ሁሉ የሚያስመልሰው፥ የሚያንቀጠቅጠው፥ የደነዘዘ፥ ወይም ምላሱና ድዱ የጠቈረ ሕፃን ከሆነ ግን፥ ቍጥሩ ቢያንስም ቢበዛም ሌሊቱን ማሳደር አይገባም። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ቢኖረው ወይም ገላው ቢቀዘቅዝም እንዲሁ ነው።

በዚህ መካከል ከቤታችን ሊወገዱ የሚገባቸው ልማዶች አሉ። ሕፃን ሲያስል እንጥል ማስቈረጥ ደም መፍሰስንና ቍስለትን ያመጣል እንጂ ሳንባን አያድንም። ቅቤ ማስዋጥና በግድ መጋት ደግሞ፥ ቅቤው ወይም መጠጡ በአየር ቧንቧ ወደ ሳንባ ስለሚገባ፥ ራሱ የሳንባ ሕመም ያስከትላል። ማርም ቢሆን ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ለሕፃኑ የሚበጀው ጡት ቶሎ ቶሎ ማጥባት፥ ከ6 ወር በላይ ለሆነውም ፈሳሽ ነገር ደጋግሞ መስጠት ነው።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ በጊዜ ለደረሰም የታመነ ነው። ላልጸናበት ሕፃን የሚታዘዘው በአብዛኛው አሞክሲሲሊን የተባለ፥ በጥቂት ውኃ የሚሟሟ ክኒን ነው። በአገራችንም ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሳንባ ምችን በጤና ኬላ እንዲያክሙ ተደርጓል። ሕፃኑ በሁለተኛው ቀን ፈገግ ስላለ መድኃኒቱን ማቋረጥ፥ ወይም ከጎረቤት የተረፈውን ለምኖ መስጠት ትልቅ ስሕተት ነው። ተራ ጉንፋን ከቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ይህ መድኃኒት አይረዳውም። ከሁለት ቀን በኋላ ሕፃኑን መልሶ ማሳየት ይገባል፤ ከዚያ በፊት ከባሰበትም ወዲያው ነው። ደዌው ለጸናበት በሆስፒታል መርፌና ኦክሲጅን ይሰጠዋል።

አንዳንድ ሰው ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ የእምነት ጕድለት ይመስለዋል። ዳሩ ግን ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ እናውቃለን፤ መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብርና ስለ መድኃኒት ጥቅም ያስተምራል። ጸሎቱም ጠበሉም አይቅር፤ ሕፃኑ ግን ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ከሁሉ የሚሻለው ደዌውን አስቀድሞ መከላከል ነው። በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች የሳንባ ምችን ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ይጠብቃሉ፤ ከእነዚህም አንደኛው በ1999 ዓ.ም.፥ ሁለተኛው በ2004 ዓ.ም. በአገራችን መሰጠት ጀምረዋል። ኩፍኝም ሳንባን ስለሚያጠቃ፥ በ9ኛውና በ15ኛው ወር የሚሰጠው ክትባቱ አይታለፍ። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ማጥባት፥ እጅን መታጠብ፥ ሕፃን በታዘለበት ወይም በተኛበት ቤት ጭስ እንዳይታፈን ማድረግ፥ እነዚህ ሁሉ በቤታችን የሚሠሩ ናቸው።

እናቶችና አባቶች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁ በጤና ተኝቶ ሳለ አንድ ደቂቃ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ትንፋሹን ቍጠሩ። በደኅና ቀን የለመደ ዐይን በክፉ ሌሊት አይደናገርም፤ የጤናውን ልክ ያወቀ ወላጅም ሕመሙን ለመለየት አይዘገይም።