የፈረስ መንጋጋ ጥርስ ነቀላና የኮምፒዩተር እገዛ

የጋሪ ፈረስ ጉልበቱ ከአፉ ይጀምራል። በደንብ ያልታኘከ ድርቆሽ ሆድ ይሞላል እንጂ በቂ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ መኖ እየቀረበለት የሚከሳ ፈረስ ጥርሱም ሊመረመር ይገባል።

የጥርሱ አቀማመጥ

ፈረስ በላይና በታች፣ በግራና በቀኝ ስድስት ስድስት፣ በጠቅላላው 24 መንጋጋ ጥርሶች አሉት። እነዚህ ጥርሶች በማኘክ ሲያልቁ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከድድ እየወጡ ይተካሉ። በወጣት ፈረስ አንዱ ጥርስ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን በአጥንት ውስጥ የተቀበረ ነው። የላይኞቹ የኋላ ጥርሶች ሥር የሚያርፈው ከአፍንጫ ጋር በሚገናኝ ክፍት የአጥንት ጓዳ ውስጥ ነው። በመሆኑም ሥሩ ሲመግል መግሉ በአንድ በኩል ባለው አፍንጫ ይወርዳል።

ነቀላው እንዴት ይከናወናል?

በተለመደው ዘዴ ፈረሱ እንደቆመ የሚያፈዝ መድኃኒትና የነርቭ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ሐኪሙም ጥርሱን በልዩ ጉጠት ቀስ በቀስ አላልቶ በአፍ በኩል ያወጣዋል። ጥርሱ ተሰብሮ ሥሩ ሲቀር ግን ሥራው ይከብዳል። በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት ኮምፒዩተር ለፈረስ ቀዶ ሕክምና እገዛ የዋለው ለእንዲህ ዓይነቱ አስቸጋሪ ሥራ ነው። በቅድሚያ የፈረሱ ጭንቅላት በሲቲ ስካን ይነሳል። ከዚያም ካሜራ የጭንቅላቱንና የመሣሪያውን አቀማመጥ እየተከታተለ የመሰርሰሪያው ጫፍ የት እንደደረሰ በምስሉ ላይ ያሳያል። ሐኪሙም ነርቩንና ጤነኛውን ጥርስ እየጠበቀ ወደ ስባሪው ይደርሳል። የሚሠራው ግን ሐኪሙ ነው፤ ኮምፒዩተሩ መንገድ ያመለክታል።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ይህን ያህል መሣሪያ ያስፈለገው ጥርሱ ጥልቅ በመሆኑ ነው። እንግዲህ ያለ ማደንዘዣ በተራ ጉጠት ወይም በመሮ ለመንቀል መሞከር ጥርሱን ይሰብራል፤ መንጋጋውንም ሊሰብር ይችላል። በዚህም ባለጋሪው እንጀራውን ያጣል።

የልማት ሠራተኛው የሚከተሉትን ምልክቶች ይከታተል፦

1. ፈረሱ ያኘከውን ጠቅልሎ ከአፉ መጣሉ፣
2. በፋንድያው ውስጥ ረጃጅም ያልታኘከ ሣር መታየቱ፣
3. በአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወርድ የሚሸት ፈሳሽ፣
4. የመንጋጋ እብጠት ወይም ልጓም መጥላት።

ከነዚህ አንዱ ሲታይ ፈረሱ ወደ እንስሳት ሕክምና ይወሰድ። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም በዓመት አንድ ቀን ወስነው የአባሎቻቸውን ፈረሶች በሙሉ በባለሙያ ቢያስመረምሩና የሾሉ ጥርሶችን ቢያስሞርዱ ብዙ ሕመም በጊዜው ይገታል።