ወላጁን የጦረ ልጅ

አንድ ታሪክ በቴሌቪዥን ታይቶ ከተወደደ በኋላ ከእርሱ እየተቀዱ የሚወጡትን መጻሕፍት፤ የሥዕል ታሪኮችና የድምፅ ድራማዎች ብዙ ሰዎች እንደ ቃርሚያ ይቈጥሯቸዋል። «ዋናው ሳለ ቅጂው ምን ያደርጋል?» ሲባልም ሰምተናል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር፤ ልጅ ወላጁን የሚጦርበት ጊዜ እንዳለ ተረዳን። ለዚህም «ዶክተር ሁ» የተባለው የእንግሊዝ አገር ተከታታይ የሳይንስ ልብ ወለድ ጥሩ ምስክር ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ይህ ድራማ በቢቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዋናው ሰው «ዶክተር» እየተባለ የሚጠራ፤ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ሲሆን፤ የፖሊስ ስልክ የሚቀመጥበትን ሣጥን በሚመስል መኪና ወዳለፈውም ወደሚመጣውም ዘመን ይጓዛል። ለሞት በተቃረበም ጊዜ መልኩን ለውጦ ይነሣል። በዚህም ብልሃት ተዋናዩ ቢለወጥ ታሪኩ አይቋረጥም።

ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የምስል ቴፕ ዋጋው ውድ ስለ ነበረ፤ የቆየውም ድራማ እንደገና ይፈለጋል ተብሎ ስላልታሰበ፤ ቢቢሲ ብዙዎቹን ክፍሎች አጠፋቸው። ከ90 የሚበልጡት ክፍሎች ምስላቸው ጠፍቶ ቀርቷል። ድምፃቸው ግን ተመልካቾች በየቤታቸው በቴፕ ስለ ቀዱት ሁሉም ተርፏል። ታርጌት የተባለው የመጻሕፍት ማተሚያም ከ1973 ጀምሮ ታሪኮቹን በመጽሐፍ ሲያወጣ፤ ቴራንስ ዲክስ የተባለው ደራሲ ብቻውን ከ60 በላይ ጽፏል። ያመለጠውን ክፍል ለማየት ሌላ መንገድ ላልነበረው ልጅ መጽሐፉ እንደ ቴሌቪዥን ሆኖ አገለገለው።

በ1989 ድራማው ከቴሌቪዥን ተቋረጠ። ታሪኩ ግን አልሞተም። ከ1991 ጀምሮ አዳዲስ ልብ ወለዶች ተጻፉለት፤ ከ1999 ጀምሮም ቢግ ፊኒሽ የተባለው ድርጅት የቀድሞዎቹን ተዋናዮች እየጠራ በድምፅ ብቻ የሚደመጡ ድራማዎች አዘጋጀ። ፖል ማክጋን በ1996 በአንድ ፊልም ብቻ ዶክተሩን ሆኖ ከታየ በኋላ፤ ብዙውን ሥራውን የሠራው በዚህ በድምፅ ድራማ ነው።

በ2005 ድራማው ወደ ቴሌቪዥን ሲመለስ ልጆቹ የደከሙበት ፍሬ ታየ። ፖል ኮርኔል በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ ዶክተሩ ማንነቱን ረስቶ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ተራ አስተማሪ ሆኖ ይኖራል፤ ሴትም ያፈቅራል። ይህንኑ ታሪክ ደራሲው ራሱ በ2007 ለቴሌቪዥን አዘጋጀው። በ2013 ደግሞ ማክጋን በአንዲት አጭር ፊልም ተመልሶ፤ መልኩን ሊለውጥ ሲል በድምፅ ድራማው ብቻ የሚታወቁትን ጓደኞቹን በየስማቸው አነሣቸው። ወላጅ ልጆቹን በአደባባይ ያመሰገነ ያህል ነበር።

እርግጥ ከታዋቂ ታሪክ የሚቀዳው ሁሉ መልካም ነው አንልም፤ ገበያ ብቻ የወለደውም አለ። ሆኖም ተማሪው ቅጂ ነው ብሎ ሳይንቅ መርምሮ ይፍረድ። በመዝገብ ቤት የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛም አሮጌውን ጥራዝ ከመጣሉ በፊት ቈም ብሎ ያስብ። የጠፋውን የሚጦር ልጅ ሁልጊዜ አይገኝምና።