ድንገተኛ ፍሬን የሚቆጥር ስልክ፦ የቢቸና–ሞጣ መንገድ አደጋ ለማን ይታያል?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ የተጓዘ ሰው ይቺን ያውቃታል። መኪናው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ሁሉም ወደፊት ይላተማል። "ምነው?" ሲባል ከብት መንገድ አቋርጦ ነው፣ ወይ ከኩርባው ጀርባ አህያ የሚነዳ ልጅ ብቅ ብሎ ነው። "ተመስገን" ተብሎ ጉዞው ይቀጥላል። ማንም አይመዘግበውም።

ሊመዘግበው የሚችል ግን አለ፦ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ።

እንዴት? ስልኩን ስታጋድሙት ስክሪኑ አብሮ የሚዞረው ውስጡ አክስለሮሜትር የሚባል እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር ስላለ ነው። ጂፒኤሱ ደግሞ ቦታውንና ፍጥነቱን ያውቃል። ሁለቱ ሲገናኙ "እዚች ጋ መኪናው ድንገት ፍሬን ያዘ" ማለት ይቻላል።

አንድ ፍሬን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሾፌሩ ተዘናግቶ ሊሆን ይችላል። በሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎች እዚያው ኩርባ ላይ ፍሬን ከያዙ ግን ችግሩ የሾፌር ብቻ ሳይሆን የመንገዱም ነው። ይህን ከብዙ ዳታ መሀል ለይቶ ለማውጣት ማሽን ለርኒንግ ሊረዳ ይችላል።

የጎግል ተመራማሪዎች ስልክን ከመኪና ስክሪን ጋር ከሚያገናኘው አንድሮይድ አውቶ የተገኘ ዳታ ይዘው በአሜሪካ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ ሞክረውታል። ድንገተኛ ፍሬን የሚደጋገምባቸው መንገዶች አደጋም የሚበዛባቸው ሆነው ተገኙ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሰው ሳይሞት ቦታውን ማወቅ ይቻላል።

በእኛ አገርስ? ከአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች ፖሊስ የእጅ መዝገብ የተሰበሰበ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 የደረሱ የ12,316 አደጋዎች ዳታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። የማሽን ለርኒንግ ተማሪዎች ይለማመዱበታል። ግን እያንዳንዱ መስመር አደጋው ከደረሰ በኋላ የተጻፈ ነው። ደግሞም የአዲስ አበባ እንጂ የቢቸና ወይም የሞጣ አይደለም።

የስልክ ዳታም ቢሆን የሚበዛው ስማርት ስልክና ኢንተርኔት በበዛበት ነው። ጥቂት ስልክ ብቻ የሚያልፍበት መንገድ ለኮምፒውተሩ "ሰላማዊ" ሊመስለው ይችላል። አህያ የሚነዳው ልጅ ደግሞ ስልክም የለው። ዳታ የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም!

ነገሩ የሚመለከተው በተለይ እኛን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል አንደኛው እሱ ነው።

እስከዚያው ግን ዳታው ያለው በሾፌሮች፣ በረዳቶችና በእናንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው። በዚህ መንገድ ሾፌሮች ሁሌ ድንገት ፍሬን የሚይዙት የት ጋ ነው? የቦታውን ስም ጻፉልን። ሾፌሩ ሲያበዛውም "ቀስ በል ወንድሜ" ለማለት አትፈሩ።